ጨረቃን ከጅማ፣ በተራ ካሜራ እንዴት እናንሳት?

ጨረቃን ፎቶ ለማንሳት የሞከረ ሁሉ ውጤቱን ያውቀዋል። በዓይን ሲያዩዋት ግርማ ሞገስ ያላት ጨረቃ ፎቶው ላይ የመንገድ አምፖል መስላ ትቀራለች። ነጭ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ብዥ ያለ ብርሃን፣ የቀረው ሁሉ ጥቁር። ብዙ ሰው ጥፋቱን ካሜራው ላይ ይጥላል። “ውድ ሌንስ ቢኖረኝ ኖሮ” ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ሌንሱ አይደለም። ካሜራው በአውቶ ስለተተወ ነው።

ምክንያቱን ከመጀመሪያው እንያዘው፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። የምናየው ፀሐይ ያረፈችበትን ድንጋይና አቧራ ነው። እኛ ዘንድ ሌሊት ቢሆንም እዚያ ቀን ነው። ስለዚህ የምታነሱት ጨለማ ውስጥ ያለ ነገር ሳይሆን ጠራራ ፀሐይ ላይ ያለ ነገር ነው። ካሜራው ግን ይህን አያውቅም። ፊት ለፊቱ የተዘረጋውን ጥቁር ሰማይ አይቶ “ጨለማ ነው” ብሎ ይወስናል። ብርሃን ለመሰብሰብም ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ያቆየዋል። ያኔ ጨረቃ ነጥታ ዝርዝሯ ሁሉ ይጠፋል። የእኛ ሥራ ውሳኔውን ከካሜራው መውሰድ ነው።

ካሜራና ሌንስ

ቁጥሮችን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት ማንኛውም ካሜራ ይበቃል። ያረጀ ካኖን ወይም ኒኮን፣ ሶኒ፣ ወይም ሌንሱ የማይነቀል ባለ ረጅም ዙም ካሜራ ሊሆን ይችላል። ልዩነት የሚያመጣው የሌንሱ ርዝመት ነው። ቀላል ስሌት አለ። የሌንሱን ሚሊ ሜትር ለ110 አካፍሉ፤ ጨረቃ ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል ላይ፣ የምትይዘውን ስፋት ታገኛላችሁ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ እስከ ጫፉ ቢሳብ ጨረቃን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያደርጋታል። የ250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ያደርሳታል። የብዙ ተራ ካሜራዎች ሴንሰር ቁመቱ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ250 ያነሳችሁትን ፎቶ ዙሪያውን ብትቆርጡት ስልክ ላይ ለማየትም ሆነ ለማጋራት የሚበቃ ዝርዝር ይተርፋችኋል።

በ55 ግን ትልልቆቹን ጥቁር ገጾች ብቻ ታያላችሁ። እሱም ቢሆን መጥፎ አይደለም። አጭር ሌንስ ያላችሁ ሰዎች ጨረቃን ከዛፍና ከኮረብታ ጋር ብታነሷት ይሻላችኋል፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሌንሱ ፊት ላይ መከላከያ መስታወት ተገጥሞ ከሆነ ፍቱት። ብሩህ ነገር በጨለማ ሲነሳ ያ መስታወት ሁለተኛ ደብዛዛ ጨረቃ ፎቶው ላይ ይጨምራል። በመስኮት መስታወት በኩልም አታንሱ።

መቆሚያው

ትራይፖድ ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ የጅማ ሰው ለዚህ አይቸገርም። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ደግሞ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ አይንገዳገድም። አንድ ኪሎ ያህል ጥሬ ቡና በጨርቅ ከረጢት አድርጉ። ከረጢቱን ጢም አታድርጉት፤ ሲሶው ባዶ ይሁን። በርጩማው ላይ አስቀምጡትና ካሜራውን ከላይ ጫን አድርጉ። ፍሬው ተንሸራትቶ የካሜራውን ቅርጽ ይይዛል። ሌንሱን ወደፈለጋችሁት አቅጣጫ ቀና ታደርጉታላችሁ፣ እዚያው ይቆማል። ሩዝ ወይም ምስርም ይሠራል። ይህን ዘዴ ከብዙ ርካሽ ትራይፖዶች አስበልጠዋለሁ። ቀጫጭን እግር ያላቸው ትራይፖዶች ከበድ ያለ ሌንስ ሲጫንባቸው ትንሽ ነፋስ ይበቃቸዋል።

ካሜራው ከተቀመጠ በኋላ በጣታችሁ አትጫኑት። የሁለት ሰከንድ መዘግየቱን አብሩትና እጃችሁን አንሱ። የጣት ንክኪ ብቻውን ፎቶውን ያደበዝዛል። ሌንሱ ላይ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ማብሪያ ካለ፣ በመቆሚያ ስታነሱ አጥፉት። በእጅ ስታነሱ ደግሞ አብሩት።

የትኛው ምሽት?

ብዙ ሰው ሙሉ ጨረቃን ይጠብቃል። እኔ ግማሽ ጨረቃን ጠብቁ እላለሁ። ጨረቃ ስትሞላ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ አይኖርም። ጥላ ከሌለ ተራራውም ጉድጓዱም ጠፍጣፋ ይመስላል። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥላ ይጥላል። ፎቶው ድንገት ጥልቀት ያገኛል። ተራ ሌንስ ያለው ሰው በጣም የሚደሰተው በዚህ ምሽት ነው።

ቀኑን ለማወቅ የተለየ መተግበሪያ አያስፈልግም። ጅማ ውስጥ ጎረቤት ጠይቁ፦ “ዛሬ በሂጅራ ስንት ነው?” የሂጅራ ወር አዲስ ጨረቃ ስትታይ ስለሚጀምር ቀኑ ራሱ የጨረቃን ዕድሜ ይነግራችኋል። ሰባትና ስምንት ከሆነ ግማሽ ናት። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ከሆነ ሙሉ ናት። በረመዳን ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ቀን ላይ፣ ለኢፍጣር ስትቀመጡ ግማሽዋ ጨረቃ ከአናታችሁ በላይ ናት። ከአንዱ አዲስ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ 29 ቀን ተኩል ስለሆነ በየወሩ ዕድል አለ።

ምን እንደምታዩ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ማወቁ ለማንሳት ያነሳሳል። ጥቁር የሚመስሉት ሰፋፊ ቦታዎች ድሮ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ላቫ ናቸው። ከነሱ አንዱ፣ የጸጥታ ባሕር የሚባለው፣ አፖሎ 11 በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ያረፈችበት ነው። በግማሽ ጨረቃ ጊዜ ብርሃን ባለበት በኩል በደንብ ይታያል። በዘጠነኛው ቀን ገደማ ኮፐርኒከስ የተባለው ጉድጓድ ከጥላው መስመር ላይ ብቅ ይላል። ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ የሚያህል። በ250 ሌንስ ክብ ጠርዙን ትለዩታላችሁ።

ሰዓትና ቦታ

ጅማ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ተኩል ብቻ ትርቃለች። ስለዚህ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ከአናት አካባቢ ታልፋለች። ያኔ ትራይፖዱም አይዞርም፣ አንገትም ይደክማል። ከመሬት ጥግ ስትሆን ደግሞ ብርሃኗ በረጅም የአየር ሽፋን ውስጥ ስለሚያልፍ ትቀላለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ቀን ሙሉ የሞቀ ቆርቆሮ የሚለቀው ሙቀትና የማታ የከሰል ጭስም እዚያው ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

ጥሩው ከፍታ መሀል ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ውጡ። ግማሽዋ ጨረቃ ያኔ በምዕራብ በኩል ከሰማዩ አጋማሽ ላይ ትሆናለች፤ ሙሉዋ ደግሞ በምሥራቅ በኩል በዚያው ከፍታ ላይ ትሆናለች። ለሁለቱም የሚሠራ ሰዓት ነው።

ለጨረቃ ብቻ ከሆነ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። ጨረቃ ከመብራቱ በላይ ብሩህ ስለሆነች ግቢያችሁ ይበቃል። መብራት ጠፋ አልጠፋ ለውጥ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የጎረቤት አምፖል በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ እንዳይገባ በእጃችሁ ከልሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ሳይሆን ከሣርና ከዛፍ በላይ ባለ ሰማይ ብታነሱ ፎቶው ይበልጥ ይጠራል።

ወቅቱስ? ጅማ ዝናብ አይጠፋባትም። ክረምቱ ከባድ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ምሽቶች ግን ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ቢሆንም ክረምቱን ሙሉ በሙሉ አትተዉት። ዝናብ አቁሞ ደመናው ሲሰነጠቅ አየሩ ታጥቦ ንጹሕ ይሆናል። ካሜራውን አዘጋጅታችሁ ብትጠብቁ በዚያች ክፍተት የምታገኙት ፎቶ ከበጋው ሊበልጥ ይችላል። ማታ ማታ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቀመጣል፤ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ቁጥሮቹ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። በቅደም ተከተል እንሂድ።

መጀመሪያ የሞድ መዘውሩን ወደ ኤም፣ ማለትም ወደ ማኑዋል አዙሩ። ፍላሹን አጥፉ። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ፍላሽ ምንም አይረዳም። ካሜራው ሮው ፋይል (ያልተነካካ ጥሬ ምስል) የሚይዝ ከሆነ ሮውን ምረጡ። በኋላ ስታስተካክሉ ብዙ ቦታ ይሰጣችኋል።

ቀጥሎ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 100 ላይ አድርጉ። ብርሃን ስለማይጎድል ከፍ ማድረጉ ፎቶው ላይ ጥቃቅን ነጥቦችን ከመጨመር ሌላ ጥቅም የለውም። አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት፣ ኤፍ 8 ላይ አድርጉ። ብዙ ተራ ሌንሶች ጥርት ብለው የሚሠሩት እዚያ አካባቢ ነው።

በሰከንድ ክፍልፋይ የሚለካው የሻተሩ ፍጥነት እንደ ጨረቃዋ መጠን ይለያያል። በኤፍ 8 እና በአይኤስኦ 100 ከዚህ ጀምሩ፦

ሙሉ ጨረቃ፦ 1/250
ከግማሽ ያለፈች፦ 1/125
ግማሽ፦ 1/60
ቀጭን፦ 1/30

እነዚህ መነሻ ናቸው፤ ሕግ አይደሉም። አንድ ፎቶ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ እዩት። ነጭ ሆኖ ዝርዝር የጠፋበት ቦታ ካለ ሻተሩን አፍጥኑት። ግራጫ ሆና ከደበዘዘች ትንሽ አዘግዩት። ጥርጣሬ ካላችሁ ጠቆር ያለውን ምረጡ። የጠቆረ ፎቶ በኋላ ይድናል፤ የነጣ ፎቶ ግን ውስጡ የቀረ ነገር ስለሌለ አይድንም። ሌሊት የስክሪን ብርሃን ያታልላል፤ ድምቀቱን ቀንሱት። ሂስቶግራም ማየት የምታውቁ ከሆነ እሱን እመኑ።

በእጅ የምታነሱ ከሆነ 1/60 አይበቃም። በ250 ሌንስ ቢያንስ 1/250 ያስፈልጋል። ያኔ አይኤስኦውን ወደ 400 ከፍ አድርጉ። ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ ተደግፋችሁ፣ ክንዳችሁን ከጎናችሁ አጣብቃችሁ አንሱ።

ፎከስ

ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ፎቶው ብዥ ካለ ጥፋቱ እዚህ ነው። አውቶ ፎከስ ጥቁር ሰማይ ላይ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ወዲያ ወዲህ ይላል። መሀለኛዋን የፎከስ ነጥብ ብቻ ምረጡና የጨረቃዋ ጠርዝ ላይ አሳርፏት። ብሩህና ጥቁር ስለሚገናኙበት ብዙ ካሜራ እዚያ ይይዛል። እንደያዘ የሌንሱን ማብሪያ ወደ ማኑዋል ፎከስ አዙሩ። ከዚያ በኋላ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት አትንኩ።

አልይዝ ካለ ላይቭ ቪውን፣ ማለትም ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን፣ ክፈቱ፣ ምስሉን እስከ 10 እጥፍ አጉሉ፣ ቀለበቱን በጣም ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጠርዙ ቀጭን ሲሆን አቁሙ። ብዙዎች ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዙረው “አሁን ሩቅ ላይ ነው” ይላሉ። ብዙዎቹ የዛሬ ሌንሶች ግን ከሩቁ ነጥብ አልፈው ይዞራሉ፤ ስለዚህ መጨረሻው ትክክለኛው ቦታ አይደለም። ዙሙን ከቀየራችሁ ፎከሱን እንደገና ሥሩ።

ከዚያ በተከታታይ አንሱ፤ ሃያ፣ ሠላሳ። አየሩ ስለሚንቀሳቀስ አንዱ ፎቶ ከሌላው ይጠራል። የምትፈልጉት አንዱን ብቻ ነው። በመሀል በመሀል ካሜራውን ማስተካከል አትርሱ፤ ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል ሰማይ ላይ ለመጓዝ 2 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይበቃታል።

በስልክስ?

ይቻላል፣ ግን የስልኩን ልክ አውቃችሁ። በጣት ስክሪኑን በመዘርጋት የሚመጣው ዙም ከተወሰነ ቦታ በኋላ ምስሉን ከማስፋት በቀር ዝርዝር አይጨምርም። ባይኖኩላር ካገኛችሁ ሁሉም ይቀየራል። ባይኖኩላሩን በርጩማው ላይ በቡናው ከረጢት አስደግፉ፣ ጨረቃን አምጡ፣ የስልኩን ሌንስ አንደኛው ማያ ላይ ግጠሙት። ክቡ ሲመጣ ጨረቃዋን በጣት ተጭናችሁ ያዙ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ አጠገቧ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ሳቡ። ጥቁሮቹ ገጾች እስኪወጡ ድረስ ሳቡ። ፕሮ ሞድ ካለ አይኤስኦ 50 አድርጉና ሻተሩን ከ1/500 እስከ 1/2000 ሞክሩ። የስልክ ሌንስ አፐርቸሩ ሰፊና የማይለወጥ ስለሆነ ከትልቁ ካሜራ የፈጠነ ሻተር ይፈልጋል።

አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ጨረቃ መሆኗን ሲለዩ ዝርዝሩን ራሳቸው ያጎሉታል። እኔ ያንን ቅንብር አጥፉት እላለሁ። የራሳችሁ ፎቶ ትንሽ ቢደበዝዝም የዚያን ምሽት የጅማን ጨረቃ ያሳያል።

ጨረቃን ከአገሩ ጋር

ጨረቃ ከዛፍ ወይም ከሚናሬት ጀርባ ግዙፍ ሆና የምትታይባቸውን ፎቶዎች ታውቃላችሁ። ምስጢሩ መራቅ ነው። ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ጥግ ላይ ሆነችም ከአናት ላይ ሆነች ያው ነው። ስለዚህ የነገሩን ቁመት በ110 አባዙት፤ ከዚያ ርቀት ላይ ነገሩና ጨረቃዋ እኩል ይሆናሉ። 20 ሜትር የሆነ ሚናሬት ከሆነ 2.2 ኪሎ ሜትር ራቁ። 10 ሜትር የሆነ ዛፍ ከሆነ 1.1 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

ለዚህ ሙሉ ጨረቃ ከምትሆንበት አንድ ቀን ቀድሞ ያለው ምሽት ይመረጣል። ጨረቃ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ነው የምትወጣው። በዋዜማው ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለምትወጣ ዛፉም ቤቱም ብርሃን አላቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ፎቶ ማውጣት ይቻላል። ጨልሞ ከሆነ አንዱን መተው ግድ ነው።

ቀጭኗን ጨረቃ ለማንሳት ከጂሬን ኮረብታ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ከፍታ ከተማውን ከሥሩ ያሳያል፤ ምዕራቡም ወለል ይላል። ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀጭኗ ጨረቃ እዚያው ዝቅ ብላ ትታያለች። እኛ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። በመጀመሪያ ለብሩሁ ቅርጽ 1/30 አንሱ። ቀጥላችሁ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 5.6፣ ሻተር ከግማሽ እስከ 1 ሰከንድ አድርጉ። ያልበራው የጨረቃ ክፍል ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ያ ብርሃን ከመሬት ነው፤ ከእኛ ደመናና ውቅያኖስ የተመለሰ የፀሐይ ብርሃን ጨረቃን አብርቶ እንደገና ወደ ሌንሳችሁ ይመጣል። እኔ በተራ ካሜራ ከሚነሱ ነገሮች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ስትወጡ ብቻችሁን አትሁኑ። የሚመልሳችሁን ባጃጅ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሲመሽ እዚያ መጠበቅ አይመችም፣ ጅብም አለ። ጥበቃ ካለበት ቦታ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት “ጋሼ፣ ጨረቃ ልናነሳ ነው” ብላችሁ አሳውቁ። የመጀመሪያውን ፎቶ ብታሳዩአቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ፎቶዎቹን አጉልታችሁ በጣም የጠራውን ምረጡ። ዙሪያውን ቁረጡ፣ ግን ጨረቃዋን አታጨናንቋት። ኮንትራስቱን ትንሽ ጨምሩ፤ ብሩሁን ክፍል ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ምስሉን የሚያጠራውን ማስተካከያ በልክ ተጠቀሙ፦ ጠርዟ ላይ ነጭ መስመር ከወጣ አልፏል። ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ስልክ ላይ በነጻ ይህን ሁሉ ይሠራል።

አንድ ቀን ያዙ

ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ አለ። ወቅቱ በጋ ነው፣ ሰዓቱም ለእኛ የተመቸ ነው። ጨረቃዋ ያን ዕለት ከምሥራቅ ስትወጣ ጥላው ጀምሯት ነው የምትወጣው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ16 ገደማ እስከ 2 ሰዓት ከ28 ድረስ ሙሉ በሙሉ በመሬት ጥላ ውስጥ ትሆናለች፣ ትቀላለች። ያኔ ከላይ ያልኳችሁ ቁጥሮች አይሠሩም፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማትመታት በእርግጥም ጨለማ ውስጥ ናት። አይኤስኦውን 1600፣ አፐርቸሩን ሌንሱ የሚችለውን ያህል ሰፊ፣ ሻተሩን ከግማሽ ሰከንድ እስከ 1 ሰከንድ አድርጉ። በእጅ አይሆንም፤ በርጩማውና ከረጢቱ የግድ ናቸው። ፎከሱን ገና ብሩህ ክፍል ሳለ ሥሩና ቆልፉት፤ ከቀላች በኋላ አውቶ ፎከስ አይዛትም። ከ2 ሰዓት ከ28 በኋላ ከአንድ ጠርዝ ብርሃን ሲመለስ ሻተሩን ደረጃ በደረጃ አፍጥኑት። ጥላው ሙሉ በሙሉ ሲለቃት፣ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ወደ 1/250፣ ወደ ኤፍ 8 እና ወደ አይኤስኦ 100 ትመለሳላችሁ። ሁለት ባትሪ ያዙ።